እቴቴ ሜቴዎራን ሲሳለሙ

ሰው ገዳም የሚሄደው ወይ ሊጎበኝ ነው ወይ ሊሳለም። ጎብኚ ካሜራውን ያነግታል፣ ተሳላሚ ነጠላውን ያጣፋል። ጎብኚ ምሳ ስንት ሰዓት እንደሆነ ከመነሻው አጣርቶ ይሄዳል፣ ተሳላሚ ደግሞ ስለ ምሳ መጠየቁንም እንደ ፈተና ይቆጥረዋል። ሁለቱ በየፊናቸው ሲሄዱ ጠብ የለም። ነገር የሚመጣው ጎብኚ በጫነ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ተሳላሚ የተገኘ እንደሆነ ነው። በእኛ አውቶቡስ ውስጥ የተገኙት እቴቴ ነበሩ።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ፍራንክፈርት ድረስ ሊጠይቁኝ መጥተው ሳለ፣ እንግዳ ነዎትና አገር ላሳይዎት ብዬ ባሕር ዳርቻ አነሣሁላቸው። "ልብሴን ላወልቅ?" አሉኝ። ፓሪስን አነሣሁ፣ ዝም። ቬኒስን አነሣሁ፣ ዝም። ከቆይታ በኋላ፣ "ተሰሎንቄ የሚባለው አገር አሁንም አለ?" ብለው ጠየቁ። ቅዱስ ጳውሎስ ሁለት መልእክት የጻፈላቸው ሰዎች ከተማ ዛሬም ሰሜን ግሪክ ውስጥ እንዳለ፣ ነዋሪዎቹም ባሕሩ ዳር ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ እንደሚውሉ ስነግራቸው ጉዳዩ ተዘጋ። ከተሰሎንቄ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል ሲኬድ ደግሞ ሜቴዎራ አለ፤ ገዳማቱ በአለት ጫፍ ላይ የተሠሩበት። ደርሶ መልስ ከአስጎብኚ ጋር ቲኬት ቆረጥን። ፕሮግራሙ ሁለት ገዳም፣ አንድ ምሳና አንድ የፎቶ ማንሻ ቦታ ይላል። ለአንዱ ገዳም የተመደበው 45 ደቂቃ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ለእቴቴ አልተረጎምኩላቸውም።

ጠዋት 2 ሰዓት ተነሣን። አስጎብኚያችን በእንጨት ጫፍ ላይ ቢጫ ባንዲራ ያሰረች፣ ድምፅ ማጉያዋን ከአፏ የማታርቅ ትጉህ ወጣት ናት። በስተቀኝ የኦሊምፐስ ተራራ ብቅ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ እሷም 12ቱን አማልክት በየስማቸውና በየጠባያቸው ትዘረዝር ጀመር። "ምንድን ነው የምትለው?" አሉኝ እቴቴ። ነገርኳቸው። አማተቡና በእኛ በኩል ያለውን መጋረጃ ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ኦሊምፐስን ያለፍነው በጨለማ ነው።

ከዚያ ቆሎው ወጣ። እቴቴ አገር አቋርጠው የሚሄዱት ያለ ቆሎ አይደለም፤ ቆሎ ደግሞ ብቻ አይበላም። ፌስታሉ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ጡረታ የወጡትን የሆላንድ ሽማግሌዎች፣ ሁለቱን ቻይናውያን ባልና ሚስት፣ ቁምጣ የለበሰውን ብራዚላዊ ጎረምሳ አዳርሶ ሾፌሩ ዘንድ ደረሰ። የሆላንዱ ሰውዬ ሽምብራዋን ለብቻዋ እያነሡ ወደ ብርሃን ያዩዋት ነበር።

ካላምባካ ስንቃረብ አለቶቹ ታዩ። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ከሜዳው መካከል፣ ምንም ተራራ ሳያስተዋውቃቸው፣ ግራጫ ዓምዶች ብድግ ብለው ቆመዋል፤ ከፍ ያሉት ከመሬት እስከ 400 ሜትር ይደርሳሉ ይባላል። ጫፋቸው ላይ ቀይ የሸክላ ጣራ ይታያል። አስጎብኚያችን ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ወንዝ አምጥቶ የደለደለው ጠጠርና አሸዋ ተጣብቆ ድንጋይ እንደሆነ፣ መሬቱ ሲነሣ አብሮ እንደተነሣ፣ ነፋስና ዝናብ እንደጠረቡት ማስረዳት ጀምራ ነበር። አልጨረሰችውም። እቴቴ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው በሙሉ ጉሮሯቸው እልልታውን አቀለጡት። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። የሆላንዷ ሴትዮ ባለቤታቸውን ጨመደዱ። "ምን ሆኑ? ሐኪም ይፈለግ?" አለች ልጅቱ በድምፅ ማጉያው። "ደስ ብሏቸው ነው" አልኩ።

የቦታውን ታሪክ ባጭሩ ልበለው፤ እሷም ከእልልታው ወዲህ አሳጥራዋለች። መጀመሪያ መናንያን በዋሻዎቹ ገቡ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከአቶስ ተራራ የመጣው መነኩሴ አትናቴዎስ ትልቁን ገዳም ታላቁ ሜቴዎሮን አለቱ ላይ አቆመ። በደጉ ዘመን ገዳማቱ 24 የደረሱ ሲሆን ዛሬ መነኮሳትና መነኮሳይያት ያሉባቸው ስድስት ናቸው። ዩኔስኮ በ1988 እ.ኤ.አ. መዘገባቸው። በቀደመው ሥርዓት ሴት አትወጣም ነበር። አሁን ትወጣለች፣ ትኬት ከቆረጠች።

የመጀመሪያው ገዳማችን ቫርላም ነበር፤ ወደ 200 የሚጠጋ ደረጃ። እቴቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አምስት ደረጃ ወጥተው አንድ "አቡነ ዘበሰማያት" እየደገሙ ነው የሚወጡት። ጸሎቱ ደግሞ በጥድፊያ አይደገምም። ብራዚላዊው ቀድሞ ወጥቶ ወርዶ፣ እንደገና ሲወጣ አገኘን።

በሩ ላይ ሱሪ ለለበሱ ሴቶች የሚታደል፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ሽርጥ የተከመረበት ቅርጫት አለ። እቴቴ የአበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ስለነበር ማንም አልተናገራቸውም። እሳቸው ግን ተናገሩ። አንዷ ሽርጧን ከጉልበቷ በላይ አስራ ብታልፍ፣ ያዝ አድርገው አስቆሙና ወደ ታች ሳቡላት። ሁለተኛዋን ራሷን በሻሿ ሸፈኑላት። ሦስተኛዋ ወረፋ ይዛ መጣች። ከሌላ አውቶቡስ የወረዱ ጎብኚዎች የገዳሙ ሰው መስለዋቸው የመግቢያ ገንዘብ በእጃቸው ያስጨብጧቸው ጀመር፤ እቴቴም ለምጽዋት የተሰጣቸው መስሏቸው "ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እያሉ ተቀበሉ። ትኬት ቆራጩ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሲያይ ነው ነገሩ የተገለጠው። ገንዘቡን ሳስረክበው ሳንቲም አልጎደለም።

ግቢው ውስጥ የድሮው መጎተቻ አለ፤ ከአለቱ ወጣ ብሎ የተሠራ የእንጨት ማማ፣ ገመድ፣ ከታችም መረብ። በ1920ዎቹ ደረጃው እስኪጠረብ ድረስ ሰውም እህልም የሚወጣው በመረብ እየተጎተተ ነበር። ልጅቱ በየአውቶቡሱ የምትነግረውን ቀልድ ነገረችን፦ ጎብኚው "ገመዱን መቼ መቼ ትቀይሩታላችሁ?" ሲል መነኩሴው "እግዚአብሔር እንዲበጠስ የፈቀደ ቀን" አሉት። ሁሉም ሳቀ። እቴቴ ሲተረጎምላቸው አልሳቁም፤ የተባለው ለእሳቸው ትክክለኛ መልስ ነው። "ምኑ ያስቃል?" አሉ። "ደብረ ዳሞ ዛሬም በገመድ ነው የሚወጣው። ንገራት።"

ነገርኳት። ትግራይ ውስጥ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ አቡነ አረጋዊን ዘንዶ ተሸክሞ አወጣቸው ከሚባልበት ዘመን አንሥቶ፣ ወንዱ በጠፍር እየተንጠለጠለ ገደሉን እንደሚወጣ፣ ሴት ግን፣ ከብትም ብትሆን ዶሮ፣ ሽቅብ እንደማትል ነገርኳት። "እሳቸውስ ሄደው ያውቃሉ?" አለችኝ። ሄደዋል። ከዓመታት በፊት ነፍሳቸውን ይማርና ከባለቤታቸው ከጋሼ ጋር ለጥቅምት 14 የአቡነ አረጋዊ በዓል ሄደው፣ ጋሼ ሲወጡ እሳቸው ከገደሉ ሥር ተቀምጠው ቀሩ። ጋሼ ወርደው ስለ ላይኛው ሲያወሩ እስኪሞቱ አልጨረሱም። እቴቴም ሰምተው አልጠገቡም፤ ወይም በዝቶባቸዋል፣ ከሁለቱ አንዱ ነው።

የቫርላም ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በ1541/42 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት ወንድማማቾች ድንጋዩንና እንጨቱን ሲያስጎትቱ 22 ዓመት ፈጀባቸው፤ ዕቃው ከተሟላ ወዲያ ግን ግንባታው በ20 ቀን አለቀ ይባላል። በዚያው በ1541 እቴጌ ሰብለ ወንጌል ከኢማም አህመድ ጦር ሸሽተው ደብረ ዳሞ ላይ ነበሩ፤ የወረዱት ፖርቱጋሎች ሲደርሱ ነው። "ታዲያ እሳቸው ሴት አይደሉም እንዴ እቴቴ?" ብላቸው፣ "ንግሥት ናቸዋ! ደግሞ ሰው ሸሽተው ነው። እኔን ማን አባረረኝ?" አሉ።

ከዚያ የሆነውን ልጅቱ እስከ ማታ አልረሳችውም። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ እቴቴ ጫማቸውን አወለቁ። "አያስፈልግም፣ እዚህ በጫማ ነው የሚገባው" አለች። "ሙሴ ምን እንደተባለ አልሰሙም?" አሉና ከነካልሲያቸው ገቡ፤ መድረኩን ተሳለሙ፤ "የሴቶች በር የት ነው?" አሉ፤ የለም። ከኋላቸው ያሉት ቻይናውያን ባልና ሚስት ጫማቸውን አዩ፣ የእቴቴን ካልሲ አዩ፣ አወለቁ። የሆላንዶቹ አወለቁ። ብራዚላዊው ነጠላ ጫማውን አሽቀነጠረ። ከኛ ኋላ የመጣው ሌላ ቡድን የተከመረውን ጫማ ሲያይ ሕግ መሆኑን አልተጠራጠረም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የጫማው ክምር ደጃፉን ሞልቶ ወደ ግቢው ፈሰሰ፤ ስኒከሩ በስኒከር ላይ፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። አንድ ሽበታም መነኩሴ በኮሪደሩ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩት፣ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ፣ ምንም ሳይሉ ሄዱ።

ውስጥ ልጅቱ በ1548 ፍራንጎስ ካቴላኖስ የሣላቸውን የግድግዳ ሥዕሎች ማሳየት ያዘች። እቴቴ ጊዮርጊስን ፍለጋ ሄዱ፤ አገኙት። ጧፍ ፍለጋ ሄዱ፤ እሱንም አገኙት። ግሪኮች ቀጫጭን ጧፋቸውን አሸዋ በሞላ ሳህን ላይ ያቆማሉ። እቴቴ ለልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለጋሼ፣ ለዕድራቸው ሰብሳቢ፣ ቪዛ ለሰጠቻቸው የኤምባሲ ልጅ፣ ስም እየጠሩ አንድ አንድ አቆሙ። የኔ ሲመጣ ሁለት ሆነ፤ ሚስት እስካሁን ስላላገባሁ ነው።

ሲወጡ ሁሉም ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ቻይናዊው አንድ እግሩ 42 ሌላው 44 ሆኖበት ብቻውን ቆሟል። ልጅቱ ሰዓቷን እያየች ባንዲራዋን ታወዛውዛለች። በዚህ መሀል እቴቴ በጓዳው በኩል አልፈው፣ 12 ሺህ ሊትር ይይዛል የሚባለውን የጥንት የባሉጥ በርሜል ተሳልመው ተመለሱ። ወይን ነበር የሚቀመጥበት የሚሉ አሉ፣ የዝናብ ውሃ ነበር የሚሉም አሉ። እቴቴ የዝናቡን መረጡ።

የዘገየነው ቀላል አልነበረም። ሁለተኛው ገዳም ቅዱስ እስጢፋኖስ ቀትር ላይ ዘግቶ ከሰዓት በኋላ ስለሚከፍት አመለጠን። ፕሮግራሙ ተገለበጠና የፎቶ ማንሻው ቀደመ፤ ከማዶ ቅድስት ሥላሴ የሚባለው ገዳም፣ የ1981ዱ የጄምስ ቦንድ ፊልም የተቀረጸበት። መነኮሳቱ ቀረጻውን ለማበላሸት ልብስ አጥበው በየመስኮቱ አስጥተው እንደነበር ልጅቱ ነገረችን። "ጎበዝ!" አሉ እቴቴ። በዚያ ቀን ከተነገረን ሁሉ ሳይከራከሩ የተቀበሉት ይህን ብቻ ነው።

በ7 ሰዓት የተባለው ምሳ 9 ሰዓት ሆነ። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ሌላው ተሳፋሪ በረሃብ ሲነጫነጭ እቴቴ ሰዓቴን አይተው ፈገግ አሉ፤ ጾም የሚፈታው በ9 ሰዓት ነዋ። አስተናጋጁ ነጠላቸውን አየ፣ ቀኑን አሰበ፣ "ኒስቲሲሞ?" አለ፤ የጾም ማለቱ ነው። እቴቴ እቅፍ ሊያደርጉት ምንም አልቀራቸውም። ከቆይታ በኋላ በሆምጣጤ የራሰ የኦክቶፐስ ጥብስ አመጣ። በግሪኮች ሥርዓት ዓሣ ያስገድፋል፣ ደም የለውም የሚባለው ኦክቶፐስ ግን ይበላል። እቴቴ በሹካ አገላበጡት። "እግሩ ስንት ነው?" "ስምንት።" "በግ በአራት ያስገድፋል፣ ይሄ በስምንት ጾም ሆነ?" ወደኔ ገፉት፤ እሳቸው በቲማቲም የተሠራውን ትልልቅ ባቄላ ተመገቡ። ኦክቶፐሱን እኔ በላሁት፣ በግሪኮች ሥርዓት።

ቅዱስ እስጢፋኖስ የሴቶች ገዳም ነው፤ በትንሽ ድልድይ ይገባሉ፣ ደረጃ የለም። እቴቴ ድልድዩ ላይ ቆመው ታች ያለውን ከተማ አዩ፣ ወደኔም ሳይዞሩ "ለካ ከላይ ሲታይ እንዲህ ነው" አሉ። ከዚያ ከቦርሳቸው ባዶ ሃይላንድ አውጥተው ያገኟትን መነኩሲት በእጅ ምልክት ጠበል ለመኗት። መነኩሲቷ ከግቢው ቧንቧ ሞላችላቸው። ሲመለሱ በአውቶቡሱ መተላለፊያ እየሄዱ ሁሉንም ረጩ፤ ሾፌሩ ራሱ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ፣ ጡረተኞቹ መነጽራቸውን አወለቁ።

ተሰሎንቄ ደርሰን ስንሰነባበት ልጅቱ ባንዲራዋን ጠቅልላ ወደ እቴቴ መጣች። "በሉ አሁን እኔ እንግዳዎት ልሁን፤ ደብረ ዳሞን ያሳዩኛል?" አለች።

"በደስታ ልጄ!"

"ላይ ስንት ሰዓት እንቆያለን?"

ተረጎምኩላቸው። እቴቴ እጇን ያዝ አደረጉ። "እኔና አንቺማ መች እንወጣለን? ጀበናውን ይዘን ከሥር ቁጭ ነው። እሱ ይውጣና ያውራልን።"