በነጥብ መሳለም

ቁልቢ ገብርኤልን በእግሩ ለመሳለም የተሳለ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ሊያመሰግነው የሚገባ አንድ ታላቅ ጥበብ በዘመናችን ተገልጧል፤ ይኸውም ወላይታ ሶዶ ላይ ዱካ ስቦ፥ እግርን ዘርግቶ፥ በቅመም የፈላ የቡና ቅጠል ፉት እያሉ መንገዱን ከመንገደኛው እኩል መጓዝ ነው።

የእኅቴ ልጅ ከጥቂት ዓመት በፊት፥ ታኅሣሥ በገባ በሦስተኛው ቀን፥ እስከ አዳማ በአውቶቡስ ሄዶ ከዚያ ወዲያ በእግሩ ሲነሣ፥ እናቱ እትዬ የለመነችው ጸሎት አልነበረም፤ ሎኬሽን ነበር። በቴሌግራም የሚልክላት ሎኬሽን ያን ጊዜ ስምንት ሰዓት ሲሞላው የሚጠፋ ስለ ነበረ፥ ለመነኮሳት ሰባት የጸሎት ጊዜያት እንደ ተሠራላቸው ሁሉ ለዚህ ተሳላሚም በቀን ሦስት የሎኬሽን ጊዜያት ተሠሩለት፤ አንዱን ያጓደለ እንደሆነ እናቱ ትደውላለች፥ እናቱ ስትጨርስ አክስቱ ትቀጥላለች።

ጎረቤታችን የቃለ ሕይወት ሰው ናቸውና በስለት ነገር ከእትዬ ጋራ ሲከራከሩ የኖሩ ሲሆኑ፥ ከወለንጪቲ ጀምሮ ግን በየማለዳው መነጽራቸውን ይዘው እየመጡ «መተሐራ ገባ ወይ?» ማለት ያዙ፤ ጉባኤ ያላስታረቀውን፥ በስልክ ካርታ ላይ የምትሄድ ነጥብ አስታረቀችው።

የጥበቡ ምስጢር ፍጹም ሆኖ የተገለጠው ሚኤሶ ላይ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የልጁ ጉርድ ፎቶግራፍ ያለባት ክብ ነጥብ ከመንገዱ ዳር ቆመች፤ ሁለት ሰዓት ሆነ፥ አልተነቃነቀችም፤ ሦስት ሰዓት ሆነ፥ ስልኩም አይነሣም። እትዬ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። የዕድሩ ዳኛ ከመኝታቸው ተጠሩ፤ ድንኳን ይተከል የሚለው ወገን እያየለ ሲሄድ ጸሐፊው ደንቡን ገልጠው «ገንዘብ የሚወጣው ለሞተ ሰው እንጂ ለቆመ ነጥብ አይደለም» ቢሉ፥ ከሴቶቹ አንዷ ተነሥታ መቆሟ ራሱ ምስክር አይደለም ወይ ስትል ሞገተች፤ ዳኛውም እንደ ሰሎሞን በመካከል ፈረዱና ድንኳኑ ከመጋዘን ይውጣ፥ ነገር ግን አይተከል፥ ንፍሮውም ይቀቀል፥ ልጁ ሕያው ከሆነ ለቁርስ ይሆናል አሉ። ጎህ ሲቀድ ነጥቧ ወደ አሰበ ተፈሪ ፈቀቅ ብትል የተሰማው እልልታ የዳሞታን ተራራ ያናወጠ ይመስል ነበር። ለካ ስልኩን ቻርጅ እንዲያደርጉለት ለባለ ሱቅ ሰጥቶ፥ ያበጠ እግሩን በጨው ውኃ ነክሮ፥ ተኝቶ ኖሯል። ንፍሮው ተበላ። ልጁ እግሩን የታጠበበትን ወጪ ግን ዕድሩ እስከ ዛሬ ከመዝገቡ አልዘጋውም።

ሌላውን ጥቅም ባጭሩ ልለፈው፦ የሰፈሩ ሕፃናት የምሥራቁን ከተሞች ከነተራቸው ሸመደዱ፤ የሞባይል ካርድ ሻጩም ሱቁን ቀለም አስቀባ። እትዬም እንቅልፍ አጥቻለሁና ከበረከቱ ግማሹ ለእኔ ይታሰብልኝ ስትል ለንስሐ አባቷ አመለከተች።

ራስ መኰንን ቁልቢ ገብርኤልን ተስለው ከሐረር ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ፥ በኋላ የቀረው የሦስት ዓመት ልጃቸው ተፈሪ በየሰዓቱ «አሁን የት ደረሱ?» የሚልበት መሣሪያ አልነበረውም፤ እንዲህ ሆኖ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድሉ እንዴት እንደ ተገኘ ለእትዬ ዛሬም አይገባትም።

ልጁ የተሳለው ለገብርኤል ነው፤ ለእናንተ አይደለም። ሰው ይህን ያህል መንገድ በእግሩ የሚሄደው ጥቂት ቀን እንኳ ብቻውን ሊሆን ነው። ተዉት!

ተቈጣሁ መሰለኝ፤ ወደ ምስጋናው ልመለስ። ታኅሣሥ 19ን አንግሦ የተመለሰ ዕለት፥ እትዬ ጉዞውን ከአዳማ እስከ ቁልቢ፥ አቀበቱ ሳይቀር፥ ለእንግዶቹ ስትተርክላቸው፥ እርሱ ዝም ብሎ ቆጮውን በዳጣ ይበላ ነበር። ጠጋ ብዬ አዋሽን ስትሻገር ምን አየህ ብለው፥ ጕርሻውን ይዞ ጥቂት አሰበና «አሥራ ሁለት ፐርሰንት ነበረኝ፥ ጋሼ» አለኝ።