የመጽሐፍ አመራረጥ ሥርዓት በየካ ሚካኤልና አካባቢው፦ የመስክ ጥናት

የጥናቱ ዳራ
አዲስ አበባ፣ የካ ሚካኤል ላይ መጽሐፍ የሚሸጥባቸው ቦታዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከደብተርና ከፎቶ ኮፒ ማሽን ጎን መጽሐፍ የሚደረድረው የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ነው። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲሆን፣ ወር በገባ በ12 ይደምቃል። ሦስተኛው መደርደሪያው ክንዱ የሆነ አዟሪ ነው፤ መጻሕፍቱን እስከ አገጩ ቆልሎ ከታክሲ ተራ ታክሲ ተራ ይዞራል። ጥናቱ ወላጆች ከእነዚህ ቦታዎች ለታዳጊ ልጆቻቸው መጽሐፍ እንዴት እንደሚመርጡ ይመረምራል።

ዘዴ
አጥኚው ደብተር የሚገዛ መስሎ ቆሟል።

ግኝት አንድ፦ ወላጅ መጽሐፍ ይመዝናል እንጂ አይገልጥም
መጽሐፉ መጀመሪያ በእጅ ይመዘናል፤ ቀጥሎ ተገልብጦ ዋጋው ይታያል። ሽፋኑ ላይ ሴት ካለች ወደ ቁልሉ ይመለሳል። ከረባት ያሰረና እጁን ያጣጠፈ ሰው ካለ ግን ያልፋል፤ የስኬት ምሥጢር ነውና። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ድርጅት እንዴት እንደሚመራ የሚያስረዳ መጽሐፍ ተገዝቶለት ሲሄድ ታይቷል። የሚመራው ድርጅት ለጊዜው አልተገኘም።

ግኝት ሁለት፦ የፍቅር ክልከላና ልዩ ሁኔታው
ርእሱ ላይ «ፍቅር» የሚል ቃል ያለበት መጽሐፍ ሁሉ ውድቅ ይደረጋል፤ ከአንዱ በቀር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከክልከላው ነፃ ነው። አባት «እኔ ባንተ ዕድሜ ጨርሼዋለሁ» ይላል። ጠበቅ አድርገው ሲጠይቁት የጨረሰው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በሬዲዮ መሆኑ ይረጋገጣል።

ግኝት ሦስት፦ አካታችነት
የሚገዛው መጽሐፍ ሁሉንም ያካተተ እንዲሆን ይፈለጋል። ለአባት እንግሊዝኛ የሚያሻሽል፣ ለእናት ሥነ ምግባር የሚያስተምር፣ ለአክስት መንፈሳዊ፣ ለትምህርት ቤቱ ማትሪክ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ከዚህ ሁሉ ማካተት ውጭ የቀረው የሚያነበው ልጅ ብቻ ነው።

በመጻሕፍቱ ውስጥ ማን እንደተካተተም ተመርምሯል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችበት መጽሐፍ ይኖር እንደሆነ አዟሪው ተጠይቆ፣ «የማትሪክ ጥያቄና መልስ አለ ጋሼ» ብሏል። በተሽከርካሪ ወንበር ስለሚሄድ ልጅ፣ ቤት ውስጥ ሐድይኛ ደጅ አማርኛ ስለሚናገር ልጅ ለቀረቡት ጥያቄዎችም ያው ጥያቄና መልስ ቀርቧል፤ በመጨረሻው ላይ ቅናሽ ተደርጎበታል።

ተቃራኒ ማስረጃ
ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳሉ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢያጡ፣ «ቂሉ ማሞ»ን አሳተሙ። ከዚያም አገር ቤት ተመልሰው፣ እዚሁ ጎረቤት ሾላ፣ በ1995 ዓ.ም. የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። እሳቸው እንደተናገሩት፣ ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያ መጽሐፋቸው እጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነበር፤ ያውም የፍቅር ልብ ወለድ። በየካ ሚካኤል መስፈርት ያ መጽሐፍ ወደ ቁልሉ ተመላሽ ነበር።

የጥናቱ ውስንነት
የልጆቹን አስተያየት ማግኘት አልተቻለም። አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ወላጅ መልሶላቸዋል።

ምክረ ሐሳብ
አንደኛ፣ ብሩ ለልጁ ይሰጥ፤ ወላጅ ማዶ ተሻግሮ ማኪያቶ ይጠጣ። ሁለተኛ፣ ልጁ እንደቆመ ጥቂት ገጽ ያንብብ፤ ካልያዘው ይመልሰው፤ አዟሪውም ይታገሥ። ሦስተኛ፣ እሱን የሚመስል ልጅ ያለበትንና ጨርሶ የማይመስለው ልጅ ያለበትን ቢያፈራርቅ ይመረጣል። አራተኛ፣ ወላጅ በተረፈው ብር ለራሱ አንድ መጽሐፍ ይግዛ፤ ይህን እንኳ ያንብበው።