የስፖኪዮ ካባ

በጅቡቲ ከተማ ስፖኪዮው የክሮም ሽፋን ያላጠለቀ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ሠርግ ቤት በሥራ ልብሱ የተገኘ ሚዜ ይመስላል።

ሽፋኑን ለማስቀየር ጋራዥ መሄድ ግን የዋህነት ነው፤ በተለይ ከቀትር በኋላ። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ከተማ ከገባ ወዲያ መካኒኩ ስለ ስፖኪዮ በጥልቀት ይመክራል እንጂ አይነካውም። ስለዚህ ባለመኪናው ራሱ ካቻቢቴ ያነሣል።

አየሩም ያግዘዋል። በብርድ አገር ፕላስቲኩ እንዳይሰበር በፀጉር ማድረቂያ ይሞቃል። ጅቡቲ ላይ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ የምትነደው ፀሐይ ይህን በነፃ ትሠራለች፤ የባለቤቱን ጣት መጥበሷ ምርቃት ነው።

ሥራው ቀላል ነው። በብዙዎቹ ሞዴሎች መጀመሪያ መስታወቱ ይነሣል፣ ከዚያ ሽፋኑን የያዙት የፕላስቲክ መንከሻዎች አንድ በአንድ ይላቀቃሉ። አንዱ መሰበሩ የወግ ነው። መስታወቱ ቢሰነጠቅም አያሳስብም፤ ለሕዝብ የሚታየው ጀርባው ነው፣ ወደ ኋላ ማየት የሹፌሩ የግል ጉዳይ።

አዲሱ ክሮም ከተገጠመ በኋላ እሱን መጠበቅ ይመጣል። የፋብሪካው ስስ ላስቲክ አይላጥም። ድሮ ምኒልክ አደባባይ በሚባለው፣ ዛሬ የጁን 27 አደባባይ በሆነው ቦታ ሚኒባስ ሲጠጋ ስፖኪዮው ይታጠፋል። በባልባላ ሰፈር ጠባብ መንገድም ይታጠፋል። በመጨረሻ ታጥፎ መኖሩ አዋጭ ሆኖ ተገኘ፤ ሲታጠፍ ደግሞ ክሮሙ ይበልጥ ያበራል።

ከኋላ የሚመጣውን ለማየት ረዳቱ አንገቱን በመስኮት ያወጣል። በእሱ ልክ የሚሆን ክሮም ገበያ ላይ ገና አልወጣም።