አዝሎ መፈለግ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ አልነበረውም። ማታ መብራቱ ሲመጣ የቢሯችን ኔትዎርክ ግን አልመጣም። እኔም ከሠርግ ቤት፣ ጥብሱ ሊቀርብ ሲል፣ ከነከረባቴ ተጠራሁ።

ያለን አንድ ትልቅ ሰርቨር ነው። ኢኤስኤክስአይ ተጭኖበት ዘጠኝ ቨርቹዋል ማሽኖችን ያሳድራል። ከዘጠኙ አንዱ ዲኤንኤስ ነው፤ ስም ሲነግሩት ቁጥር ይመልሳል። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. ይህን ዘዴ ከመንደፉ በፊት የኮምፒውተሮቹ ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ተጽፎ ከካሊፎርኒያ ይታደል ነበር። በዚያች ማታ ያ ፋይል ናፈቀኝ። ሰርቨራችን ማሽኖቹ የተቀመጡበትን ስቶሬጅ የሚጠራው በስሙ ነው፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚፈታለት ዲኤንኤስ ደግሞ እዚያው ስቶሬጅ ውስጥ ተኝቷል። ልጇን አዝላ «ልጄን አያችሁ?» እያለች ሰፈር እንደምትዞር እናት ሆነ። (እንዲህ አድርጎ የገጠመው ማን ነው አትበሉኝ። ሰውየው ከሠርግ ቤት ተጠርቶ መጥቷል።)

የጥበቃው ጋሼ በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«መብራቱ መጣ እኮ ልጄ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«አድራሻ የሚያውቀው ተኝቶ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ቀስቅሰዋ!»

«የተኛበትን የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው።»

ጋሼ ከረባቴን አዩና የጠጣሁ መሰላቸው።

ደግነቱ ኤስኤስኤች ክፍት ትቼው ነበር፤ መጥፎ ልማድ ነው፣ ያን ማታ ግን አወጣኝ። በቁጥሩ ገባሁ። ትእዛዙ እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥር ነው፦ ኢኤስኤክስሲኤልአይ፣ ኔትዎርክ፣ አይፒ፣ ዲኤንኤስ፣ ሰርቨር፣ አድ። መጨረሻው ላይ የቅርንጫፍ ቢሯችንን ዲኤንኤስ ቁጥር ጻፍኩ። መልስ የለም። ይህ ትእዛዝ ሲሳካለት ዝም ይላል፤ እንደ አማት።

አሁንም ሁሉም ነገር ይጎተታል። «ሊስት» ብዬ ዝርዝሩን ባወጣው አዲሱ ቁጥር የገባው ከኋላ ነው፤ የተኛው ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ነው። ሰርቨሩ በየጥያቄው መጀመሪያ እሱን ይጠራል፣ ይጠብቃል፣ ተስፋ ይቆርጣል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። «ሪሙቭ» ብዬ አነሣሁት። ስቶሬጁ ብቅ አለ፤ ማሽኖቹንም አንድ በአንድ ቀሰቀስኳቸው።

«ተነሣ እንዴ?» አሉ ጋሼ።

«ተነሣ።»

የቅርንጫፉን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ራኩ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ክፍሉን የምታጸዱ፣ በእናታችሁ፣ እንዳታነሡት።