የግራው ፓራፋንጎ

ፋይበርግላስ ሲሞርድ የዋለ ሰው ማታ እንዴት እንደሚያድር ልንገራችሁ። አይተኛም። ዱቄት የሚመስለው ነገር ዱቄት አይደለም፤ ዓይን የማይለየው የመስታወት እሾህ ነው። ክርን እጥፋት ውስጥ ይገባል፣ አንገት ሥር ይሰካል፣ ባከኩት ቁጥር ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የሥራ ልብሱ ከልጆች ልብስ ጋር የታጠበ እንደሆነ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ሲያክ ያድራል። ይሄ በእኔ ቤት ደርሷል፤ ባለቤቴም እስካሁን አልረሳችልኝም።

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ከአጎቴ የተረፈችኝ ፔጆ 404 ናት። ሐረር ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንት ዘመን ታክሲ ሠርታለች። ሞዴሉ የወጣው በፈረንጆች 1960 ነው፤ ቅርጹን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈው ይኸው ዓይነት መኪና ነው። የእኔዋም ሞተሯ ዛሬም በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ያለቀው ላሜራዋ ነው። የግራውን የፊት ፓራፋንጎ ከመብራቱ ሥር ጀምሮ ዝገት በልቶት የቀረው ስቱኮ ብቻ ነበር። እሱም ከገለምሶ መቻራ ስንመጣ ረግፎ አለቀ።

ሌላ መኪና ግዛ የሚለኝ ሞልቷል። በምን ልግዛ? በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አሮጌውም አይቀመስም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተከትሎት ወጣ። ላሜራ ቀጥቅጦ የፓራፋንጎውን ጉብታ የሚያወጣ ባትላሜራ ፍለጋ ጭሮ ድረስ ወጥቻለሁ። አንድ አዛውንት አገኘሁ። ፓራፋንጎውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «ልጄ፣ እጄ ያውቀዋል፤ ዓይኔ ነው እምቢ ያለኝ» አሉኝ። ሥራውን የተረከባቸው ልጅ የለም። ወደ ፋይበርግላስ የገባሁት አምሮኝ አይደለም።

የቀኙ ፓራፋንጎ ደህና ነው። ሰው ሁሉ «ከሱ ላይ ገልብጠው» ይለኛል። ከቀኝ ላይ የሚገለበጠው ቀኝ ነው! የቀኝ ጫማ ግራ እግር አይገባም። ስለዚህ ደህና የግራ ፓራፋንጎ ያላት ሌላ ፔጆ መፈለግ ግድ ሆነ። በበደሳ፣ በጭሮ፣ በሂርና፣ በቁልቢ አልፌ ሐረር ገባሁ። ፔጆ አልጠፋም፤ የጠፋው የምትቆም ፔጆ ነው። ቅርጹን ለመገልበጥ ፓራፋንጎዋ ላይ ሰም ተቀብቶ፣ ተወልውሎ፣ የመስታወት ጨርቅና ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ሙጫ ተራ በተራ ተነባብሮ እስኪረጋ መኪናዋ ቢያንስ ሁለት ቀን ሳትነቃነቅ መዋል አለባት። አንዱ ባለታክሲ በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ወርያ፣ ሁለት ቀን ከቆመች ልጆቼ ምን ይበላሉ?» አለኝ። ምን ልመልስለት? የሁለት ቀን ገቢውን ልክፈልህ እንዳልለው የእኔ ገንዘብ የጉዞዬን ያህል እንኳ አልቀረም። ፎቶ አንስቼ፣ በሜትር ለክቼ፣ ተመለስኩ። ከዚያ በሽቦና በጀሶ ቅርጹን ራሴ ማውጣት ያዝኩ። ፒኒንፋሪና ያወጣውን መስመር በጀሶ ማውጣት የሞከረው ያውቀዋል፤ ቅርብ ሆነው ሲያዩት ልክ ነው፣ አሥር እርምጃ ርቀው ሲያዩት መብራቱ ወደ መሬት ያያል።

የቁሳቁሱ ነገር ግን ከሁሉ ይብሳል፤ እሱን ሳስብ ንዴቱ አይለቀኝም። ሬዚን ብቻውን አይደርቅም፤ ካታሊስት የሚባል ፈሳሽ ጠብ ይደረግበታል። ለአንድ ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። ካነሰ ሳምንት ሙሉ እንደ ማር ሲሳብ ይኖራል፤ ከበዛ ጣሳው ውስጥ ይፈላል፣ ይጨሳል፣ ይሰነጠቃል። ይህንን ልክ በመርፌ ሲሪንጅ ነው የምለካው። መለካት የሚቻለው ግን የተገዛው ነገር ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። አዲስ አበባ ላክኩና መርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ ካለ ሱቅ ተገዝቶ መጣልኝ። ሬዚኑ በዘይት ጀሪካን ነው። ካታሊስቱ በሃይላንድ ነው። ጽሑፍ የለበትም፣ የተሠራበት ቀን የለበትም፣ «አደገኛ» የሚል የለበትም። እንደ ውሃ የጠራ ነገር በውሃ ዕቃ!

ይህ ፈሳሽ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን ያጠፋል። ከተጠጣ አንጀት ያቃጥላል። እዚህ አገር ልጅ ከሜዳ ሮጦ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነሳው ሃይላንድ ነው። ዕቃውን የተቀበልኩ ቀን የስድስት ዓመት ልጄ ክዳኑን ይዞ አገኘሁት። ነጥቄ ስወስድበት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለሱቁ ዘንድ ደወልኩ፤ «ሁሉም በዚህ ነው የሚወስደው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሁሉም በዚህ ነው የሚወስደው። የባጃጅ ፊት የሚጠግነውም፣ የጀልባ ወለል የሚለጥፈውም፣ ሁሉም። አንድ ቁራጭ ወረቀት መለጠፍ ስንት ያስወጣ ነበር?

ቁሳቁሱ ተሟላ እንበል። አየሩስ? ፋይበርግላስ ደረቅና ለብ ያለ አየር ይፈልጋል። በክረምት መቻራ ላይ ጀሶው ራሱ አይደርቅም፤ እርጥብ ጀሶ ላይ የተነጠፈ ሬዚን ደግሞ ከሥር ሳይረጋ ይቀራል። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ያን ጊዜ ግን ግቢው የቡና ነው። የሐረርጌ ቡና ሳይታጠብ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነው የሚደርቀው፤ ሽታ ደግሞ ይስባል። የሬዚን ሽታ አጥር አያግደውም። ጎረቤታችን እናት የዓመት ልፋታቸው ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ፣ በእጃቸው እያገላበጡት፣ «ልጄ፣ ቡናዬ ጋዝ ጋዝ ካለ ማን ይገዛኛል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ክፉ አልተናገሩኝም፤ ያን ቀን ሥራውን ያቆምኩት በራሴ ፈቃድ ነው። በሌሊት ልሥራ ብዬ ሞከርኩ፤ ሬዚኑን ካታሊስት አግብቼ ሁለተኛውን ጨርቅ ሳነጥፍ መብራት ጠፋ። የተቀላቀለ ሬዚን መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው ያለው። በስልክ ብርሃን ጨረስኩት። ጠዋት ሳየው አየር የቋጠረው ቦታ እንደ ቃጠሎ እብጠት ነጭ ነጭ ሆኖ ተነፋፍቷል። እሱን ሁሉ ቆርጦ አውጥቶ እንደገና መለጠፍ ነው። ከዚያም መሞረድ። ከዚያም ማሳከክ።

በዚህ መሃል የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ፣ «ጨርቅ እንዴት ብረት ይሆናል?» ይላል። በ1953 በፈረንጆች አሜሪካኖች የመጀመሪያዎቹን 300 ኮርቬት መኪኖች ገላቸውን በሙሉ ከዚሁ ጨርቅ በእጅ ሠርተው እንዳወጡ ስንቴ ተናገርኩ። ሰልችቶኛል፤ አሁን አንገቴን ነቅንቄ ዝም ነው።

ዛሬ ኅዳር ገብቷል። ቡናው ተሰጥቷል፣ ጎረቤታችን እናት በሩ ላይ ተቀምጠው ከዶሮ ይጠብቁታል። የሬዚኑን ጀሪካን ከጓዳ አውጥቼ ብርሃን ላይ አዘነበልኩት። ከላይ ያለው ይፈሳል፤ ከታች ያለው ግን አብሮ አልተንቀሳቀሰም። ካታሊስት ሳይነካው፣ ተቀምጦ በራሱ ረግቷል።