ጡረታ፣ ኮላና ወረንጦ

ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ፈት ነው ያለው ማነው? እኔ መሥሪያ ቤት በነበርኩበት ዘመን እንኳ እንዲህ ተፈልጌ አላውቅም። እድሩ ጸሐፊ ሁንልን ይላል። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሒሳብ ያዝልን ይላል። አንድ የባለቤቴ ዘመድ ደግሞ «ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ሰው ያውቃሉ፤ ለምን የቤት ድለላ አይሞክሩም?» ብሎ ሊያሠማራኝ ከጅሎ ነበር። ሰው ስልሳ ሲሞላው ሕግ ዕረፍ ይለዋል፤ በማግስቱ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ዕረፍቱን ይሽርበታል። እኔ ግን በብዙ ትግል ለማንም የማይጠቅም ሥራ ይዣለሁ። የወረቀት አውሮፕላን እሠራለሁ።

ልብ በሉ፣ ተማሪ ከደብተሩ ገንጥሎ አስተማሪ ዞር ሲል የሚወረውረውን ማለቴ አይደለም። የእኔው ሞተር አለው፣ መሪ አለው፣ የአብራሪ መቀመጫ አለው፣ መቀመጫውም ቀበቶ አለው። ሁሉም ወረቀት ነው።

አመሉ የተጣባኝ ፖላንድ ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሶሻሊስት አገሮች ከተላክነው አንዱ ነበርኩ፤ መጀመሪያ ሎድዝ ከተማ አስገብተው ቋንቋቸውን አስተማሩን። የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሥጋ በኩፖን ነው። ሰልፍ ካየህ አስቀድመህ ትሰለፋለህ፤ ምን እንደሚሸጥ የምትጠይቀው ቦታ ከያዝክ በኋላ ነው። አንድ ቀን ጋዜጣ መሸጫ ኪዮስክ ፊት እንዲሁ ተሰለፍኩ። ያኔ ከገበያ የጠፋው የሽንት ቤት ወረቀት ስለነበር ልቤ እሱን ተመኝቷል። ተራዬ ሲደርስ ወረቀት መሆኑን ወረቀት ሰጡኝ፤ ግን አውሮፕላን ታትሞበታል።

መጽሔቱ «ማዊ ሞዴላሽ» ይባላል፤ «ትንሹ ሞዴል ሠሪ» ማለታቸው ነው። ዋርሶ ላይ በ1957 መታተም የጀመረ ነው። ታንኩ፣ መርከቡ፣ አውሮፕላኑ ብትንትኑ ወጥቶ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ተሰጥቶት በየገጹ ተነጥፏል፤ ቆርጦ፣ አጥፎና አጣብቆ መልሶ ሰው ማድረግ የገዢው ፈንታ ነው። ዋጋው የተማሪ ኪስ አይጎዳም። ሶፍት የቸገረው አገር ለተዋጊ አውሮፕላን የሚሆን ወረቀት እንዳልቸገረው ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው፣ ከሁሉ በላይ የሳቁት ፖላንዶቹ ናቸው።

ትምህርት ጨርሼ ስመለስ አንዱን ቅጂ ሻንጣዬ ግርጌ አንጥፌ መጣሁ። ከዚያ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጆች። መጽሔቱን ረሳሁት።

ያስታወሰኝ ዕቃ ማውረድ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ጡረታ ወጣሁ፣ የኖርንበት ሰፈር ለልማት ተነሳ፣ የመጨረሻዋ ልጃችን ተድራ ባሏን ተከትላ ባሕር ተሻገረች። እኔና ባለቤቴም ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥተን ቁጭ አልን። ያ ሁሉ ሲወርድብኝ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም የሚነግረኝ አልነበረም። ታዲያ ባለቤቴ «የሚጣል» ብላ ከከመረችው መሐል መጽሔቱን ሳገኘው፣ ገልጬ ቁራጭ 1፣ ቁራጭ 2፣ ቁራጭ 3 የሚለውን ሳነብ፣ እንዴት ያለ ደስ የሚል አገር ነው አልኩ።

ኦሪጅናሉ አይቆረጥም። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ስካን አስደረግኩና 160 ግራም ወረቀት ላይ አትሙልኝ አልኩ። ልጅቷ «የምረቃ ወረቀት ነው ጋሼ?» አለችኝ። «ተዋጊ አውሮፕላን ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ስሄድ ሒሳቡን አስቀድማ ትቀበለኛለች።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ከተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ ኮላ፣ ስቴኪኒ። ወፍራም ወረቀት ዝም ብሎ ቢታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማጠፊያው መስመር ላይ በደረቁ እስክሪብቶ ይሰመራል። ኮላ ሲበዛ ወረቀቱን ያንሻፍፈዋል፤ በስቴኪኒ ጫፍ ተነክቶ ነው የሚቀባው። የተቆረጠ ወረቀት ጠርዙ ነጭ ሆኖ ያስነውራል፤ በከለር ዙሪያውን ማጥቆር ነው። ጣት የማይደርስበት ቦታ ወረንጦ ይገባል። ያ ጥንት እናቶቻችን እሾህ የሚያወጡልን ወረንጦ፣ ፋብሪካ ለሞዴል ሠሪ አስቦ ቢሠራው ከዚህ አይሻልም ነበር።

አውሮፕላኑ ፒ 11 ይባላል፤ በ1939 ጀርመን ፖላንድን ስትወር አርጅቶም ቢሆን የተዋጋው እሱ ነው። ሞዴሉ 33 ጊዜ አንሶ ነው የሚሠራው፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጉዱ ሞተሩ ነው። ዘጠኝ ሲሊንደር በክብ ተሰድሮ፣ እያንዳንዱ ሙቀት እንዲያወጣ በስስ በስሱ የተነባበረ ብረት አለው። በወረቀት ይህን እንዴት ታደርገዋለህ? ወረቀቱን በእስክሪብቶ ቀፎ ላይ ጠቅልለህ ቱቦ ታወጣለህ፤ ከዚያ ክር ጎን ለጎን ሳታነባብር ትጠመጥምበታለህ። ጥቁር የጥልፍ ክር ይመረጣል።

«አንተ ሰውዬ፣ ክሬን የት አደረስከው?»

«ሞተር ሆኗል።»

ባለቤቴ ለልጃችን ደወለች። ልጃችን ለእኔ ደወለች። «አባዬ፣ ደህና ነህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ሐኪም አየህ?» ጨዋታዋ ገብቶኛል። ሰው ሸምግሎ ልጅ ሆነ ሲባል ሰምታ፣ ከወሬ ወደ ተግባር የተሸጋገርኩ መስሏት ነው።

የባሰው ከጎረቤት መጣ። አራተኛ ፎቅ ላይ ሌሊት መብራት ይበራል። ከማዶው ብሎክ ለሚያይ ሰው አንድ ሽማግሌ አጉሊ መነጽር አድርጎ፣ በምላጭ ወረቀት እየቆረጠ፣ ጠርዙን ቀለም ይቀባል። ቀን ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ወፍራም ወረቀት ሲያፈላልግ ታይቷል። ምን ይባላል? «ሰውየው ብር ያትማል» ተባለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንድ ምሽት «እንዲያው ሰላም ልበላችሁ ብዬ» ብሎ ከተፍ አለ። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ክንፍ።»

«የምን?»

«የአውሮፕላን።»

«ማን አዞዎት ነው?»

«ማንም።»

«ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

ፊቱ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ያኔ ባሰበት። ብር ባትም ኖሮ ዓላማዬ ቢያንስ ይገባው ነበር። ቡናውን በቁሙ ጠጥቶ ወጣ፤ የሒሳብ ያዥነቱን ነገር ዳግም አላነሳብኝም። ይህን ጥቅም አስቀድሜ ባውቀው ኖሮ ገና ሥራ ላይ ሳለሁ እጀምረው ነበር።

ከጎረቤት በሙሉ ነገሩን እንደ ነገር የወሰደው ከታች ያለው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ነው። «ክንፉ ለምን ተጣሞ ወጣ ጋሼ?» አለኝ። ይህን ያስተዋለ ትልቅ ሰው የለም። ክንፉ ከግንዱ ተነስቶ ወደ ላይ ያቀናና ከዚያ ነው ወደ ጎን የሚዘረጋው፤ ግንዱ ዘንድ ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። አብራሪው እንዳይጋረድበት ብሎ እንዲህ ያሰበው ዚግሙንት ፑዋቭስኪ የሚባል መሐንዲስ ነው። በ1931 ራሱ የሠራውን ሌላ አውሮፕላን ሲያበር ወድቆ ሞተ፤ ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም። ከፒ 11ዎቹም የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ ክራኮው ሙዚየም ቆሟል። ልጁ ጸጥ ብሎ ሰማኝና «የእኛስ የለንም?» አለ።

እንዴት አይኖረን! «ፀሐይ»ን ነገርኩት። በፈረንጆቹ 1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ እንደሠራት፣ ስሟ ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ እንደመጣ፣ ጣሊያን ወስዶ ሙዚየሙ ውስጥ እንዳቆማት፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አገሯ እንደተመለሰች። «እሷን እንሥራ» አለ። ቁራጭ ቁጥር ሰጥቶ ያሳተመልን መጽሔት በእጄ ስለሌለ፣ ከፎቶ ላይ ለክተን ራሳችን ልንነድፋት ተስማምተናል። እሱ ማስመሪያ ይይዛል፤ እኔ እሳሳታለሁ።

እናንተ አንባቢዎች፣ ፀሐይን ከጎንና ከኋላ አጥርቶ ያሳየ ፎቶ ያላችሁ ካላችሁ ይዛችሁልን ኑ። የብሎክ ቁጥር አያስፈልጋችሁም፤ በሩ ላይ ጥበቃውን «ብር የሚያትመው ሰውዬ ቤት የት ነው?» ብትሉት እስከ ደረጃው ያደርሳችኋል።