ቁጢጥ ለማለት መክፈል

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጁን 21ን ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ብሎ ከሰየመ ወዲህ ጀርባን ማቃናትና በርጋታ መተንፈስ እውቅና አግኝተዋል፤ እሰይ! ሐዋሳ ላይ ግን ለዚህ አሠልጣኝ መቅጠር ትንሽ ያስቃል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጎራ ይበሉ። ዓሣ የሚያወራርደው ጎረምሳ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሳ ቁጢጥ ብሎ የቆሮሶ ቅርፊት ሲፍቅ ያረፍዳል፤ የቢሮው ሰውዬ ያንኑ አቀማመጥ የዮጋ ምንጣፍ ላይ ሲሞክር ጉልበቱ ይንቋቋል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይንከባለላል። ልዩነቱ የወንበር እንጂ የጥበብ አይደለም። በስቅለት ዕለት በቅዱስ ገብርኤል ግቢ ሲሰግዱ የሚውሉትን እናቶችማ ማን አሠለጠናቸው?

«ስግደት ጸሎት እንጂ ስፖርት አይደለም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ዮጋም ከህንድ ሲነሳ የመንፈስ ልምምድ ነበር፣ ነፍሱን ጉምሩክ ላይ ጥሎ ነው የገባው። «ዓሣ አራጁ መች ትንፋሹን ያዳምጣል?» ለሚሉን ደግሞ፣ ይህችን እንቀበላለን፤ ስልክ ዘግቶ አንድ ሰዓት ዝም ማለት ለዛሬ ሰው ዋጋ ያወጣል። እናም የፈለገ ይመዝገብ። ብቻ ከመክፈሉ በፊት ቤቱ ቁጢጥ ይበልና ይሞክረው፤ ያለ ደጋፊ ከተነሳ ገንዘቡን ለዓሣ ጥብስ ያውለው።